በኦንላይን አርፒጂ ጨዋታዎች ውስጥ የገጸ ባሕርያት ጥሩር ለምን ይህን ያህል ይመሳሰላል?

ባለካባው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባለው የኦንላይን አርፒጂ (የራስን ገጸ ባሕርይ እያሳደጉ የሚጫወቱት) ጨዋታ ፓላዲን የሚባለውን ብረት ለባሽ ተዋጊ ይዤ የምጫወት ሰው ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት ትቼው ቆይቼ ባለፈው ክረምት ተመለስሁ። ከተመለስሁ ወዲህ ውስጤን ሲከነክነኝ የቆየ አንድ ጥያቄ ስላለ፣ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልኝ በማሰብ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጥሩር ስል አርመር የምንለውን ሁሉ ማለቴ ስለሆነ፣ የአስማተኛው የጨርቅ ቀሚስም የአዳኙ የቆዳ ሰደርያም በዚሁ ውስጥ ይቆጠርልኝ።

በታችኛው ደረጃ ላይ እያለሁ ገጸ ባሕርዬ የሚለብሰው ከየተልዕኮው ያገኘውን ነበር። የራስ ቁሩ ከአንድ መንደር፣ ጓንቱ ከሌላ ዋሻ፣ ሱሪው ደግሞ ከአንድ ገበሬ ስጦታ ስለሚመጣ፣ አረንጓዴው ከሐምራዊው፣ የዛገው ከሚያብረቀርቀው ጋር ተደባልቆ ጀግናዬ ድሪቶ የለበሰ ይመስል ነበር። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በአንድ የሬይድ (ብዙ ተጫዋቾች አብረው የሚገቡበት ከባድ ዘመቻ) ወቅት ውስጥ ያለን ፓላዲኖች ሁላችን አንድ ዓይነት ስፌት ለበስንና ልዩነታችን በቀለም ብቻ ሆነ። ሬይዱ በአራት የክብደት ደረጃዎች ስለሚቀርብ ጥሩሩም በየደረጃው ቀለሙን እየለወጠ ይመጣል፤ ቅርጹ ግን ያው ነው፤ ቢበዛ በከባዱ ደረጃ ላይ ትንሽ ነበልባል ወይም አንድ ተጨማሪ ቀንድ ይታከልበታል። ከታች ያለው ልዩነት አያምርም፤ ከላይ ያለው ውበት ደግሞ አይለያይም።

ትራንስሞግ የሚባለው ሥርዓት፣ ማለትም የአንዱን ልብስ መልክ በሌላው ላይ መደረብ፣ እኔ በሌለሁበት ጊዜ መጨመሩን አይቻለሁ። በእኔ ግምት ግን በሽታውን ያስታግሳል እንጂ አይፈውስም፤ የሚደረበው መልክም የሚወሰደው ከዚያው እርስ በርሱ ከሚመሳሰል ክምችት ነውና።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንድን ቅርጽ ቀለም እየቀያየሩ ደጋግሞ ማቅረብ የሠሪዎቹ ስንፍና ነው ወይስ በቂ ምክንያት አለው? የትከሻው ጥሩር የበር መዝጊያ እያከለ፣ የደረቱ ግን ሰውነት ላይ የተቀባ ሥዕል የሚመስለው ለምንድን ነው? ይህንን በተሻለ መንገድ የፈታ ሌላ ጨዋታስ አለ? ነገሩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ተጫዋች በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ከፊቱ የሚያየው የገዛ ገጸ ባሕርዩን ጀርባ መሆኑን አስቡልኝ።


ሜሽ ቆራጭ

ጥያቄዎ ከልብስ ስፌት ሙያ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ በዚያው ልጀምር። መተዳደሪያዬ ለማስታወቂያ የሚሆኑ የስሪ ዲ ሞዴሎችን መሥራት ሲሆን፣ ለጌም የሚሆን ልብስም ለልምምድ ያህል ሠርቼ ስለማውቅ ድካሙን ቀምሼዋለሁ።

አንድ ጥሩር በጨዋታ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ሜሽ የምንለው ቅርጹ ነው፤ ሁለተኛው ቴክስቸር የምንለው፣ በቅርጹ ላይ የሚለበጠው ሥዕል ነው። ሥዕሉን መቀየር ለአንድ ሠዓሊ አጭር ሥራ ነው። አዲስ ቅርጽ መሥራት ግን ልብሱን ከገጸ ባሕርዩ አጥንቶች ጋር ማያያዝን፣ ክንድ ሲነሣ ብብቱ እንዳይሳሳብ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ሱሪው ቦት ጫማውን ሰንጥቆ እንዳይወጣ፣ ሲሮጡም ካባው በጀርባው ውስጥ እንዳያልፍ ደጋግሞ መፈተንን ይጠይቃል። ልብስ ሰፊ የአንድን ደንበኛ ልክ ወስዶ ለዚያ ሰው ብቻ ይሰፋል፤ የጌም ሞዴል ሠሪ ግን ያንኑ ልብስ ለረጅሙም፣ ለድንኩም፣ ለጎባጣውም፣ ቀንድና ጭራ ላለውም ማዳረስ አለበት። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ስምንት ዘሮች፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች፣ ነበሩት፤ ወንድና ሴት ተብሎ ሲቆጠር 16 አካል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የዘሮቹ ቁጥር እየጨመረ ነው የሄደው።

የትከሻውና የደረቱ ነገር የሚፈታው ከዚህ በመነሣት ነው። በዚያ ጨዋታ የራስ ቁር ለየዘሩና ለየፆታው የየራሱ ሞዴል ይሠራለታል፤ የአንዱ አፍንጫ ረጅም፣ የሌላው መንጋጋ ሰፊ፣ የሦስተኛው ራስ ባለቀንድ ስለሆነ አንድ ቁር ለሁሉም አይሆንም። የደረቱ ጥሩር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው በአካሉ ላይ የሚሣል ሥዕል ነበር፤ ሥዕሉ ከአካሉ ጋር አብሮ ስለሚለጠጥ ለእያንዳንዱ አካል እንደ አዲስ መስፋት አያስፈልግም። እርስዎ «የተቀባ ይመስላል» ያሉት በእርግጥም የተቀባ ስለሆነ ነው። የትከሻው ጥሩር ደግሞ ለብቻው ተሠርቶ በትከሻው ላይ የሚንጠለጠል ዕቃ በመሆኑ ከሥጋው ጋር መጣበቅ አይጠበቅበትም፤ ቢተልቅም የሚያደናቅፈው ነገር ጥቂት ነው። ካሜራውም ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ተጫዋቹ ዘወትር የሚያየው ራሱን፣ ትከሻውንና ካባውን ነው። ሠዓሊው ጉልበቱን ማዋል ያለበት በሚታየው ቦታ ላይ ነውና ትከሻው የበር መዝጊያ ቢያክል አልፈርድበትም።

የአካላት መለያየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ከፈለጉ ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባለውን ሌላ የኦንላይን ጨዋታ ይመልከቱ። በ2019 ሻዶውብሪንገርስ የሚባለው ተጨማሪ ክፍሉ ሲወጣ ረጅም ጆሮ ያላቸው ቪየራዎችና አንበሳ የሚመስሉት ህሮትጋሮች ተጨመሩ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የራስ ቁሮችና ባርኔጣዎች በእነርሱ ራስ ላይ አይታዩም ነበር። የቁሩ ጥቅም በቁጥር ይቆጠራል፤ መልኩ ግን የለም። ባርኔጣው ጆሮውን ወዴት ያሳልፈው? ለዚያ ሁሉ የቆየ ክምችት አንድ በአንድ መልስ መስጠት እንደገና መስፋት ማለት ስለሆነ፣ የተስተካከሉት ከዚያ ወዲህ ጥቂት በጥቂት ነው።

የማሽኑንም አቅም መርሳት አይገባም። በቀድሞው ሬይድ 40 ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰብ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ፈጽሞ የተለየ ልብስ ከለበሰ ኮምፒውተሩ ያንን ሁሉ ቅርጽና ሥዕል በአንድ ጊዜ ወደ ማስታወሻው መጫን ይኖርበታል። የጋራ ቅርጽ ያላቸው ልብሶች ግን ቅርጹን አንድ ጊዜ ጭነው ይጋሩታል።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ ቀለም መቀየር ብቻውን ልዩነት አይደለም በሚለው ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። አንድ ጥሩር ከሌላው መለየቱን ማወቅ ከፈለጉ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አጥቁራችሁ እንደ ጥላ ተመልከቷቸው፤ በጥላቸው ካልተለዩ ከሩቅ በቀለማቸውም ብዙ አይለዩም። ቀለሙን ለተጫዋቹ ራሱ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ጊልድ ዋርስ 2 በሚባለው ጨዋታ የአንድን ልብስ እስከ አራት የተለያዩ ክፍሎች ድረስ ለየብቻ መቀባት ይቻላል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ለረጅም ጊዜ በአንድ ልብስ ላይ አንድ ቀለም ብቻ ሲፈቅድ ቆይቶ በ2024 ዶውንትሬል የሚባለው ተጨማሪ ክፍሉ ሲወጣ በተመረጡ ልብሶች ላይ ሁለተኛውን ጨመረ። ሰዎች ለዓመታት የጣሉትን ቀሚስ እንደ አዲስ ከሣጥን ሲያወጡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።


የድሮ ተጓዥ

ከእኔ በፊት የጻፉት ባለሙያ ያስረዱት ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን የመመሳሰሉ ሥር ከሠዓሊው ጠረጴዛ ይልቅ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልብሱ መልክንና ኃይልን በአንድነት እስከተሸከመ ድረስ ሰው ሁሉ የሚመርጠው ትልቁን ቁጥር ነው፤ መልኩ ተከትሎ ይመጣል። ሠዓሊዎቹ አንድ ሺህ ቅርጽ ቢሠሩ እንኳ በዚያ ወቅት ቁጥሩ የሚበልጠው አንዱ ብቻ ስለሆነ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ በሣጥን ይቀራሉ። በ1999 በወጣው ኤቨርክዌስት የነበረው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነበር፤ ቆዳው፣ ሰንሰለቱና ዝርግ ብረቱ የየራሳቸው መልክ ነበራቸው፤ ከዚያ ውጪ ያለው በአብዛኛው የቀለም ቅብ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሰው አላማረረም፤ ጥሩ ቀለም የለበሰ ሰው ሲያልፍ ሁሉም ዞር ብሎ ያየው ነበር። የድሪቶው ስሜት የባሰው በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2007 ዘ በርኒንግ ክሩሴድ የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ነው። ወራት የፈጀ ሬይድ ተሻግሮ ሙሉ ስብስቡን የለበሰ ሰው፣ አውትላንድ በሚባለው አዲስ ምድር የመጀመሪያዎቹ ተልዕኮዎች የተሻለ ቁጥር ያለው ሐምራዊ ሱሪ ሲሰጡት ያንን ክቡር ልብስ አውልቆ ሱሪውን ለበሰ። እኔም ለበስሁ፤ አፍሬም ነበር።

ስለ ትራንስሞግ በተናገሩት አልስማማም። ትራንስሞግ የመጣው በ2011 መጨረሻ ላይ በ4.3 ዝማኔ ነው፤ በመጀመሪያ የሚደረብበትን ልብስ ራሱን በባንክ ሣጥን ማቆየት ግድ ስለነበረ ሣጥናችን ሁሉ በአሮጌ ብረት ተሞልቶ ነበር። በ2016 ሊጅን ከሚባለው ተጨማሪ ክፍል ጋር ግን አንድ ጊዜ ያገኙት ልብስ መልኩ በመዝገብ ተይዞ ለሌሎች ገጸ ባሕርያትዎም ያገለግል ጀመር። ይህ ማለት ከ2004 ጀምሮ የተሠራው ሁሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥዕል የሆኑት የደረት ጥሩሮች ሳይቀሩ፣ እንደገና ወደ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። እርስዎ «እርስ በርሱ የሚመሳሰል ክምችት» ያሉት የአንዱ ወቅት ክምችት ነው፤ የሁለት አስርት ዓመታቱ ግን አይመሳሰልም። ጥቁሩን የትከሻ ጥሩር ከአንዱ ዘመን፣ ካባውን ከሌላው፣ ቀበቶውን ከአንድ ተራ ተልዕኮ አምጥቶ ማስማማት ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኗል።

ሌሎቹም ወደዚያው ነው የደረሱት። ፋይናል ፋንታሲ 14 ግላመር የሚለውን ሥርዓት በ2014 አመጣ፤ ተጫዋቾቹም የጨዋታው እውነተኛ መጨረሻ ግላመር ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይቀልዳሉ። ዘ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ቀድሞ መልኩን ለአንጥረኛው ሰጥቶት ነበር፤ አንጥረኛው የአንድን ሕዝብ የአሠራር ዘይቤ ከመጽሐፍ ይማራል፤ አንዳንዱ ዘይቤ 14 ምዕራፍ ስላለው ምዕራፎቹን አንድ በአንድ ማደን ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያንኑ ጥሩር በዚያ ዘይቤ ይሠራል። በ2018 ደግሞ ከባዱን ብረት የለበሰ ሰው ቀላል ቀሚስ ለብሶ እንዲታይ የሚፈቅድ ሥርዓት ጨመረ። ከሁሉ ቀድሞ ቋጠሮውን የፈታው ግን በ2004 የተጀመረውና በ2012 የተዘጋው ሲቲ ኦፍ ሂሮስ ይመስለኛል። በዚያ ልብስ ከኃይል ጋር ጨርሶ አይገናኝም ነበር፤ ተጫዋቹ ገና ሲጀምር የፈለገውን ያለብሳል፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ጀግኖች በአንድ መንገድ ላይ ማየት ብርቅ ነበር።

ይሁንና መልክና ኃይል ሲለያዩ የሚጠፋ ነገር አለ። በአማርኛ መሸለም ማስጌጥም ነው፤ ለጀብዱ ዋጋ መስጠትም ነው። በቀድሞው የጦር ሥርዓታችን አንድ ሰው የአንበሳ ጎፈር ራሱ ላይ አድርጎ ወይም ያጌጠ ለምድ ተሸልሞ ሲያልፍ፣ የሚያየው ሁሉ ልብሱን ብቻ ሳይሆን ምን ሠርቶ እንዳገኘው ያስብ ነበር። ጥሩርም በጨዋታ ውስጥ እንዲያ ነው። በ2005 የወጣው የመጀመሪያው ጊልድ ዋርስ ይህን በብልሃት ይዞታል ብዬ አምናለሁ። የጥሩር የመከላከል አቅም ጣራ ነበረው፤ ጣራው ላይ መድረስም ብዙ አያስቸግርም። ተጫዋቾች «የ15 ሺው» የሚሉት ጥሩር እያንዳንዱ ክፍሉ 15,000 ወርቅ ያስወጣል፤ 1,500 ከሚያስወጣው የሚበልጠው ግን በመልክ ብቻ ነበር። ከእርሱም በላይ ያለውን የኦብሲዲያን ጥሩር ለማሠራት ፊሸር ኦፍ ዎ ወደሚባለው አስፈሪ ስፍራ መውረድና ብርቅ ጥሬ ዕቃ ማከማቸት ግድ ነበር። ድሀው ከባለጸጋው እኩል ይዋጋል፤ ባለጸጋው ግን ይታያል። ከዚያ የተሻለ ስምምነት እስካሁን አላየሁም፤ በተለይ መልክ በእውነተኛ ገንዘብ ከሱቅ በሚገዛበት በዛሬው ዘመን፣ ያማረ ጥሩር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጀብዱውን ሳይሆን ዋጋውን ነው።


ብረት ለባሽ

አጭር ተቃውሞ አለኝ። ሁላችሁም ልዩነት ሲበዛ ጥሩ ነው ከሚል መነሻ ነው የተነሣችሁት፤ እኔ የምጫወተው ኦልድ ስኩል ራንስኬፕን፣ ማለትም ራንስኬፕ የተባለውን ጨዋታ የድሮ መልክ የያዘውን፣ ስለሆነ በዚህ አልስማማም። በዚያ ጨዋታ ብረቱ በቀለሙ ይታወቃል፤ ሚትሪል ሰማያዊ፣ አዳማንት አረንጓዴ፣ ድራጎን ቀይ ነው። ቅርጻቸው ቢመሳሰልም ጀማሪ እንኳ ሰውየው ምን ደረጃ ላይ እንዳለ በአንድ እይታ ይገምታል። ዊልደርነስ በሚባለው፣ ተጫዋች ተጫዋችን በሚገድልበት ምድር ደግሞ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ባላጋራዬ የአስማት ቀሚስ ከለበሰ አስማትን የሚከላከለውን ጸሎት (በጨዋታው ውስጥ እንዲህ የሚባል የመከላከያ ኃይል ነው) አበራለሁ፤ በድንገት ለውጦ ብረት ከለበሰና ሰይፍ ካነሣ እኔም እለውጣለሁ። ይህ ሁሉ በዐይን ነው። ማንም ሰው በብረቱ ላይ የአስማተኛ ቀሚስ መደረብ ቢፈቀድለት ያ ዐይነቱ ውጊያ አበቃለት።

ጊልድ ዋርስ 2 ራሱ በተጫዋቾች ፍልሚያ ጊዜ ጠላትን ሁሉ በመደበኛ መልክ የሚያሳይ ምርጫ ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም። ብዙ የደከሙበትን ውበት ተጋጣሚው በአንድ ምልክት ያጠፋዋል ማለት ነው።

መጌጥ የፈለገ ሰው በራንስኬፕም ይጌጣል። በ2001 የገና በዓል ለተጫዋቾች በነጻ የተሰጠው የወረቀት ዘውድ ምንም የመከላከል አቅም የለውም፤ ነገር ግን በዋናው ራንስኬፕ ገበያ እጅግ ከተወደዱት ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል።


ሹሩባ

እስካሁን የጻፋችሁት ስለ ጥሩሮች ብዛት ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ አንዱ ጥሩር ሁለት መልክ ልናገር። ሴት ገጸ ባሕርይ ይዤ የምጫወት እንደመሆኔ፣ ከወንድሜ ጋር አንድ ስም፣ አንድ ቁጥርና አንድ ክብደት ያለው ብረት ለብሰን፣ የእርሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲደርስ የእኔ ጭኔ ላይ ቀርቶ አይቻለሁ። በቀደመው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እንዲህ ያሉ ሱሪዎችና የደረት ጥሩሮች ጥቂት አልነበሩም። ሜሽ ቆራጭ እንዳሉት የደረቱ ጥሩር ሥዕል ከሆነ፣ ሥዕሉን ለሴቷ ማሳጠር የወጪ ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ የሠዓሊው ምርጫ ነው። መራቆት የፈለገችም ትራቆት፤ ምርጫው የተጫዋቿ ይሁን ነው የምለው።

ሌላው ስለ ራስ ቁር ነው። ይኸው ጨዋታ በ2020 ለሰው ዘር ተጨማሪ የቆዳ ቀለሞችና የፀጉር አሠራሮች ሲጨምር እኔን የምትመስል ገጸ ባሕርይ ለማበጀት አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀሁ። ቁሩን ሳደርግላት ፀጉሯ ከነአሠራሩ ጠፋ። ፀጉሩ ብረቱን ሰንጥቆ እንዳይወጣ መደበቁ ይገባኛል፤ ነገር ግን ቁሩን የሚሰውር ምልክት ባይኖር ያንን ሁሉ የደከምሁበትን ማን ያይልኝ ነበር? ከማውቃቸው ሴት ተጫዋቾች ብዙዎቹ ቁራቸውን ደብቀው ነው የሚጫወቱት። እንዲያ ከሆነ ሞዴል ሠሪዎቹ ለዚያ ሁሉ አካል እየለኩ የሚለፉበት ቁር ለማን እንደሚሠራ አንዳንዴ ይገርመኛል።


ባለካባው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስንፍና ያልሁትን ቃል አንሥቻለሁ፤ የቪየራዎቹን ጆሮ ካነበብሁ በኋላ ለባርኔጣ ሠሪዎቹ አዝኛለሁ። ሹሩባ ያነሡትን ነገር ግን ወንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ይዤ ስለኖርሁ ፈጽሞ አስቤው አላውቅም ነበር፤ እህቴን ብጠይቃት እርሷም ቁሯን ደብቃ እንደምትጫወት ነገረችኝ።

በድሮ ተጓዥ ምክር ወደ ኋላ ተመልሼ ብላክዊንግ ሌር የሚባለውን የ2005 ሬይድ ብቻዬን መግባት ጀምሬያለሁ። ያን ጊዜ 40 ሰው ይዘን ገብተን እየሞትን የወጣንበትን ስፍራ አሁን በጥቂት ደቂቃ አልፈዋለሁ። የምፈልገው ጀጅመንት የተባለውን የፓላዲን ስብስብ ሲሆን፣ ደረጃው ቢያንስም በጥላው ብቻ የሚታወቅ ነው፤ ሜሽ ቆራጭ እንዳሉት አጥቁሬ ሞከርሁት። ትከሻው የሚገኘው ክሮማገስ የሚባለውን የሬይዱን ጭራቅ በመግደል ነው፤ ሬይዱ የሚታደሰው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ አምስተኛ ሳምንቴ ነው፤ እስካሁን ያወረደልኝ የሌሎችን ትከሻ ነው።

ብረት ለባሽን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ያ የወረቀት ዘውድ በዊልደርነስ ውስጥ ተደርጎ ይገባል ወይስ ባለቤቶቹ ባንክ አስቀምጠውት ነው የሚሄዱት?


ብረት ለባሽ

በቁም ነገር ከጠየቁኝ፣ ሊሞት የሚችል ሰው ያንን ዘውድ አድርጎ አይገባም። ይገባሉ የሚባሉትም አሉ፤ እነርሱን ግን ሁሉም ሰው ያሳድዳቸዋል።